ፍቺ፣ ልጅና ንብረት፦ ከአዲስ አበባ ዳር ሆናችሁ ቤተሰብ ችሎት ስትሄዱ

ትዳር ሲፈርስ ሦስት ጥያቄ አብሮ ይመጣል። እንፋታ ወይ? ልጆቹ ማን ጋር ይሁኑ? ቤቱስ? ብዙ ሰው ሦስቱን ቀላቅሎ አንድ ጠብ ያደርጋቸዋል። «ቤቱን ተይልኝ፣ ልጆቹን ውሰጂ» የሚባለው ድርድር የሚመጣው ከዚህ ነው። ፍርድ ቤት ግን እያንዳንዱን ለብቻው ነው የሚያየው። ፍቺው አንዴ ከተወሰነ አለቀ። ንብረቱም አንዴ ከተከፈለ በኋላ መልሶ ማንሳት ከባድ ነው። የልጆቹ ጉዳይ ግን ሁኔታው በተለወጠ ቁጥር ተመልሶ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ለንብረቱ ማስረጃ፣ ለልጆቹ ደግሞ ዝርዝር ስምምነት ያስፈልጋችኋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ቤት ውስጥ ዱላ ወይም ማስፈራራት ካለ ይህን ማንበብ ይቆይ። መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና የሴቶችና ሕፃናት ክፍሉን አነጋግሩ።

1. የትኛው ፍርድ ቤት?

ዳር ላይ የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ የሚመላለሰው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ ጉዳያችሁን የሚያየው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ልደታን ጨምሮ በተለያዩ አቅጣጫዎች ምድብ ችሎቶች አሉት። የሚሠራበት ሕግ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው።

መንገዱን ተሻግራችሁ ሸገር ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ግን፣ ማለትም ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ገላን፣ የምትሄዱት ወደ ኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው። ሕጉም የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 69/1995 ከነማሻሻያው ነው። ዋና ዋና ሐሳቦቹ ከአዲስ አበባው ጋር ይቀራረባሉ። የአንቀጽ ቁጥሩና አንዳንዱ ዝርዝር ግን ይለያል። የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታው በዚያ ይጻፋል፤ ቋንቋውን የማይችል ሰው በአስተርጓሚ ይከራከራል። እኔ እዚህ የምጠቅሳቸው አንቀጾች የአዲስ አበባው ሕግ ናቸው።

በ2014 መጨረሻ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ሲካለል አንዳንድ ሰፈር ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ተዛውሯል። መታወቂያችሁ ላይ ያለው የድሮው አድራሻ ሊሆን ይችላል። ወረዳችሁ ሄዳችሁ አሁን በማን ሥር እንደሆናችሁ አረጋግጡ። አለበለዚያ መዝገብ የሚከፍተው ሬጅስትራር መስኮት ላይ «የእኛ ሥልጣን አይደለም» ተብላችሁ የታክሲ ሒሳብ ከፍላችሁ ትመለሳላችሁ። ባልና ሚስቱ ለየብቻ፣ አንዱ ከተማው ውስጥ ሌላው ክልል ከሆኑ ደግሞ መዝገብ ከመክፈታችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ ጠይቁ።

ጋብቻው በማዘጋጃ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ቢፈጸም በሕግ ፊት እኩል ነው። ፍቺ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የሰፈር ሽማግሌ «ተፋትታችኋል» ቢል፣ ወረቀት ላይም ቢፈራረሙ፣ በሕግ አሁንም ባልና ሚስት ናችሁ። በድሮው የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ «ሽማግሌ ያፋታል» የሚለው አነጋገር ከዚያ የቀረ ነው። ዛሬ የሽማግሌ ሥራ ማስታረቅ ነው። ሙስሊም ለሆኑና ሁለቱም ወገን ለፈቀዱ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም አማራጭ ነው።

2. ሳትናገሩ ሰብስቡ

ነገሩ ሳይካረር ሰነድ ማግኘት ይቀላል። ከተካረረ በኋላ ቁምሳጥኑ ይቆለፋል። ዋናውን ትታችሁ ቅጂ አንሡ፣ በስልክም ፎቶ አንሥታችሁ ለምታምኑት ሰው ላኩ።

የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ሰርተፍኬት፣ የቤት ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየም ውል፣ የባንክ ብድር ደብተር፣ የመኪና ወይም የባጃጅ ሊብሬ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር ደብተር። ዕቁብንም አትርሱ። በትዳር ጊዜ የተጣለ ዕቁብ የጋራ ገንዘብ ነው፤ የሚጽፈው ሰው ደብተር ወይም የሰብሳቢው ምስክርነት ካልተያዘ ግን ማን መቼ እንዳወጣ ማሳየት ያስቸግራል።

የጋብቻ ወረቀት የሌላቸው አይደንግጡ። እንደ ባልና ሚስት መኖራችሁን በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ጋብቻ ሳይፈጸም አብረው የኖሩ ሰዎችም ግንኙነታቸው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል።

3. በስምምነት ወይስ በአንድ ወገን?

ከተቻለ በስምምነት። ፍቺውንም፣ የልጆቹንም፣ የንብረቱንም ጉዳይ በጽሑፍ ተስማምታችሁ ለፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ። ዳኛው አብራችሁም ለየብቻም ያነጋግራችኋል፤ በፈቃዳችሁ መሆኑን ያጣራል። ስምምነቱ የልጆቹን ጥቅም የሚጎዳ ከሆነ ይመልሰዋል። ምክንያታችሁን መዘርዘር አይጠበቅባችሁም። ገመና ይሸፈናል።

አንዱ ወገን እንቢ ካለ ሌላው ብቻውን ያመለክታል። ለመፋታት የሌላውን ጥፋት ማስረዳት ግዴታ አይደለም። አቤቱታውን በስድብ የሚሞላ ሰው ግን ብዙ ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ጸሐፊዎችም «ይህንን እንጨምር፣ ይጠቅማል» ይላሉ። አይጠቅምም። ተከሳሹ በመልሱ እጥፍ አድርጎ ይመልስላችኋል፣ ስለ ልጅ መነጋገር ሲገባችሁ ስለ 2009ኙ ሠርግ ትጨቃጨቃላችሁ። ለፍቺው ምክንያት የሆነ ከባድ ጥፋት ካለ ካሣ መጠየቂያ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቀኑንና ማስረጃውን ብቻ ጻፉ።

አቤቱታው ላይ ከፍቺው ጥያቄ ጋር ሦስት ነገር አብራችሁ ጠይቁ፦

ጊዜያዊ ቀለብ። መዝገቡ እስኪያልቅ ልጅ ይበላል፣ የቤት ኪራይ ይከፈላል።

ልጆቹ ለጊዜው ማን ጋር እንደሚሆኑና ቤቱን ማን ለቅቆ እንደሚወጣ። አንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት ወዲያውኑ ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። አንዱ ከቤት ይውጣ ሲባልም የልጆቹ ጥቅምና በመውጣት የበለጠ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ይታያል። ስለዚህ በንዴት ልብሳችሁን ሸክፋችሁ አትውጡ፤ ትእዛዝ ጠብቁ። አደጋ ካለ ግን ውጡ።

ዕግድ። ቤቱ እንዳይሸጥ፣ መኪናው ስመ ንብረቱ እንዳይዛወር፣ የባንክ ሒሳቡ እንዳይነካ። የዕግዱ ትእዛዝ ሲወጣ ራሳችሁ ተከታትላችሁ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ ወይም ለባንኩ አድርሱ፤ የተቀበሉበትን ቅጂ ማኅተም አስመቱ። መዝገብ ቤት ውስጥ ተኝቶ የቀረ ዕግድ ማንንም አያግድም።

የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል፤ ከወረዳው የድህነት ማስረጃ ያመጣል። በነፃ የሚያማክሩም አሉ፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አንዱ ነው።

4. ችሎቱ ምን ያደርጋል

መጀመሪያ ሊያስታርቃችሁ ይሞክራል። ሕጉ ግዴታ ስላደረገበት ነው፤ ዳኛው ለባላችሁ ወይም ለሚስታችሁ አድልቶ አይደለም። የመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች ዘንድ ሊልካችሁ፣ ወይም እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ራሱ ባዘጋጃቸው አስማሚዎች ፊት የምትቀርቡበት መንገድም አለ። እኔ ይህን የኋለኛውን እወደዋለሁ። አስማሚው የማንም አክስት አይደለም። ባትታረቁም እንኳ ስለ ልጆቹና ስለ ቤቱ እዚያው ልትስማሙ ትችላላችሁ፤ ያ ስምምነት በፍርድ ቤት ሲጸድቅ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

የራሳችሁን ሽማግሌ ስትመርጡ አንደበቱን ብቻ አትዩ፤ ቀጠሮ አክባሪ ይሁን። «ጋሼ፣ መቼ ነው ሪፖርቱን የምታቀርቡልን?» ብላችሁ ቀኑን አስነግሯቸው። ሪፖርቱ ካልገባ መዝገቡ አይንቀሳቀስም።

ቀጠሮ አትቅሩ። ከኮየ ፈጬም ሆነ ከየካ አባዶ የጠዋት ታክሲ ሰልፍ ታውቁታላችሁ፤ «መንገድ ተዘግቶ ነው» የሚለውን ዳኛው ሺህ ጊዜ ሰምቶታል። በክረምቱ ማብቂያ፣ ነሐሴና መስከረም ላይ፣ ፍርድ ቤቶች እረፍት ስለሚወጡ አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ነው በተረኛ ችሎት የሚታየው። ሐምሌ ላይ ፋይል ከፍታችሁ በእንቁጣጣሽ ይወሰናል ብላችሁ አትጠብቁ።

5. ልጆቹ

«ሕፃን ልጅ ለእናት ነው» የሚባለው ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። የ1952ቱ ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ከእናቱ ጋር ይሁን ይል ነበር። የ1992ቱ ሕግ ይህን ትቶታል። አሁን አንቀጽ 113 የሚለው ሌላ ነው። የወላጆቹ ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የአኗኗር ሁኔታ፣ የልጁም ዕድሜና ጥቅም ይታያል። በተግባር ትንሽ ልጅ አሁንም ብዙ ጊዜ ከእናቱ ጋር ይሆናል፤ ግን በሕግ የተሰጠ ቅድሚያ አይደለም። ገቢ የሌላት እናት «ልጄን በድህነቴ ይነጥቁኛል» ብላ አትስጋ፤ ለገቢ ማነስ መፍትሔው ቀለብ ነው።

ዳኛው በወረቀት ብቻ ካልረካ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤታችሁ ድረስ ሊልክ ይችላል። ልጁ የት ይተኛል? ትምህርት ቤት ማን ያደርሰዋል? እናትና አባት ሥራ ሲውሉ ማን ይጠብቀዋል? የምትመልሱት እነዚህን ነው። ቤታችሁ አንድ ክፍል ቢሆንም ችግር የለውም፤ ልጁ የሚተኛበትና የሚያጠናበት ጥግ መኖሩ ይታያል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው የመጎብኛው ፕሮግራም ነው። «አባት ልጁን በፈለገ ጊዜ ያያል» የሚል ስምምነት የጠብ ፋብሪካ ነው። በፈለገ ጊዜ ማለት እሷ ባልፈለገችበት ጊዜ ማለት ይሆናል። እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉት፦

«አባት በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ልጁን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ይረከባል፤ እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እናቱ ቤት ያደርሳል። የሚዘገይ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በፊት ይደውላል። የዘንድሮ ገና ከእናቱ፣ ፋሲካ ከአባቱ ጋር ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይቀያየራል። ክረምት ሐምሌ ከአባቱ፣ ነሐሴ ከእናቱ ጋር ያሳልፋል። ልጁ ባለበት ቦታ ሆኖ ማታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ሌላኛውን ወላጅ በስልክ ያነጋግራል።»

የትምህርት ቤት በር የመረጥኩት በምክንያት ነው። ወላጆቹ ፊት ለፊት አይገናኙም፤ ልጁም በር ላይ ቆሞ ጭቅጭቅ አይሰማም። በዓል በስሙ ካልተጻፈ ዋዜማው ላይ ትጣላላችሁ፤ ዒድ ለምታከብሩም ያው ነው። ርቀቱንም አስሉ። አንዱ የካ አባዶ፣ ሌላው ጀሞ ከሆነ ልጁን በየሳምንቱ ከተማውን ከጫፍ ጫፍ ማቋረጥ ልጁን ማሰልቸት ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ሆኖ ቢረዝም ይሻላል። ታክሲውን ማን እንደሚከፍልም ይጻፍ።

አንዱ ወላጅ ለሥራ አረብ አገር የመሄድ ሐሳብ ካለው ልጁ ማን ጋር እንደሚቀመጥ አሁን ተነጋገሩ። አያት ጋር ጥሎ መሄድ የልጁን አያያዝ ስለሚለውጥ ሌላኛው ወላጅ ወደ ፍርድ ቤት ሊመልሰው ይችላል።

በመልእክት ስትነጋገሩ ዳኛው ያነበዋል ብላችሁ ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ የቴሌግራም መልእክት ታትሞ ከመዝገብ ጋር ይያያዛል። «እንደ ልማድህ ረስተኸው እንዳትቀር» ከማለት «ጉንፋን ይዞታል፤ ሽሮፑ ቦርሳው ውስጥ ነው፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ አንድ ማንኪያ ስጠው» ማለት ይበቃል። ልጁን «አባትህ ቤት ማን ነበር?» ብሎ መመርመርም ይቅር።

ቀለብ በወቅቱ ስላልተከፈለ ልጅን አላሳይም ማለት አይቻልም። ልጅ ስላላሳየችኝ ቀለብ አልከፍልም ማለትም እንዲሁ። ሁለቱም የልጁ መብቶች ናቸው፤ ለሁለቱም ማስፈጸሚያው ፍርድ ቤት ነው።

6. ቀለብ

ሕጉ የተወሰነ መቶኛ አያስቀምጥም። የሚመዘነው የተቀባዩ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ነው። ስለዚህ «5,000 ይቆረጥልኝ» ብላችሁ ከማቅረብ የወሩን ወጪ በሠንጠረዥ አውጡ፦ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሰርቪስ፣ ምግብ፣ የኪራይ ድርሻ፣ ሕክምና፣ ልብስ። ደረሰኝ ያለውን አያይዙ።

ደመወዝተኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱ ቆርጦ እንዲልክ ያዛል። አስቸጋሪው «ገቢ የለኝም» የሚለው ባለባጃጅ ወይም ነጋዴ ነው። ሊብሬው፣ ንግድ ፈቃዱ፣ የሚጥለው ዕቁብ፣ የሚከፍለው የሱቅ ኪራይ፣ እነዚህ ገቢውን ይናገራሉ።

ከፋዮች፣ በእጅ አትስጡ። በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ፤ ምክንያቱ ላይ «የጥቅምት ቀለብ» ብላችሁ ጻፉ። ለበዓል የገዛችሁት ዶሮና ጫማ ቀለብ ተብሎ ላይታሰብ ይችላል። ተቀባዮች ደግሞ አታዘግዩ። ያለፈ ቀለብ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ፣ ለኑሮ የግድ አስፈላጊ እንደነበረ ካላስረዳችሁ በቀር ሊቀር ይችላል። «እስቲ አንድ ዓመት ልታገሠው» ያለች እናት ነች የምትጎዳው። እየቻለ ሆን ብሎ ቀለብ የሚከለክል ሰው በወንጀልም ይጠየቃል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ነው።

ኑሮ ከተወደደ ወይም ከፋዩ ሥራ ካጣ ቀለቡ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። በራስ ሥልጣን መቀነስ ግን አይቻልም።

7. ንብረት

«ቤቱ በስሜ ነው» አይሠራም። በአንቀጽ 63 በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚል ያስረዳ። ደመወዝም፣ ከግል ንብረት የሚገኝ ኪራይም የጋራ ገቢ ነው። የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ ብቻ የመጣው ነው። የተለየ የጋብቻ ውል ከሌለ የጋራው እኩል ይከፈላል።

ኮንዶሚኒየም ላይ ክርክሩ የሚበዛው የ97 ወይም የ2005 ተመዝጋቢ ሲሆን ነው። ሰውየው ላጤ ሆኖ ተመዘገበ፣ በኋላ አገባ፣ ዕጣው በትዳር ውስጥ ወጣ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለቱ ኪስ ወጣ። እዚህ ላይ ወሳኙ የባንክ ሰነድ ነው፤ ምን ያህል ከጋብቻ በፊት፣ ምን ያህል በኋላ እንደተከፈለ በቀን ለይታችሁ አቅርቡ።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። ቤቱ 3,000,000 ብር ተገመተ፣ የባንክ ዕዳው 400,000 ነው። ዕዳ ይቀደማል፤ 2,600,000 ይቀራል። የእያንዳንዱ ድርሻ 1,300,000 ነው። ሚስትየው ቤቱን ልታስቀር ከፈለገች ዕዳውን ተረክባ 1,300,000 ለባሏ ትከፍላለች። እሱም በተራው ባጃጁን ከወሰደ ግማሽ ዋጋው ከዚያ ላይ ይቀነሳል። መስማማት ካልተቻለ ንብረቱ በጨረታ ይሸጣል፤ በጨረታ የሚገኘው ገንዘብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከገበያው ያነሰ ነው። ጨረታውን ከመጠበቅ ይልቅ ተደራድሮ መቶ ሺህ መተው አንዳንዴ ያዋጣል።

የጨረቃ ቤትና በውል ብቻ የተገዛ የገበሬ መሬት ሌላ ጣጣ ነው። ካርታ የሌለውን ይዞታ ፍርድ ቤት ለመከፋፈል ይቸገራል፤ መሬቱም በሕግ የግል አይደለም። ያላችሁን ሁሉ ያዙ፦ የግብር ደረሰኝ፣ የመብራት ቆጣሪ ውል፣ የግንባታ ዕቃ ደረሰኝ፣ የጎረቤት ምስክር። እንዲህ ያለው ቤት ላይ ከፍርድ ይልቅ ስምምነት ይሻላል።

የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ፈቃድ መሸጥም ማስያዝም አይቻልም፤ አንቀጽ 68 ነው። ሳታውቁ ተሸጦ ከሆነ ባወቃችሁ በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ክሰሱ። ለትዳሩ ጥቅም የመጣ ዕዳም የጋራ ነው፤ ለቁማር ወይም ለግል ጉዳይ የተወሰደ ብድር ግን ለብቻ ነው የሚከፈለው፣ ለምን እንደዋለ ካስረዳችሁ።

8. ፍርዱን ማስፈጸም

ፍርድ ራሱን አይፈጽምም። ግልባጩን አውጡና የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቱ፤ ቀለብ ይሁን ቤት ያው ነው። ያልረካ ወገን ይግባኝ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይጠይቃል፤ ይግባኝ ስለተባለ ብቻ አፈጻጸሙ አይቆምም፤ የእግድ ትእዛዝ ያስፈልጋል።

የፍቺውን ግልባጭ ይዛችሁ ወረዳችሁ ሄዳችሁ ፍቺውን አስመዝግቡና የፍቺ ምስክር ወረቀት ውሰዱ። ከዚያ ባንኩ ብድሩን በማን ስም እንደሚቀጥል፣ ሊብሬው ወደ ማን እንደሚዞር፣ እድሩም አሁን ማንን አባል አድርጎ እንደሚጽፍ ለየብቻ አስተካክሉ።